ባና የሚያወጣ መንገድ

እናቴ መንገድ የምትለካው በልቃቂት ነው። ኪሎ ሜትር የሚባለውን ነገር ሰምታለች፤ አታምነውም። «ማን ሄዶ ቆጥሮት ነው?» ትላለች። እሷ ሄዳ ቆጥራለች። የተነደፈውን የበግ ጠጉር በጉያዋ ትሸጉጥና እንዝርቷን አንጠልጥላ ከቤት ትወጣለች። እግሯ ይሄዳል፣ እጇ ይፈትላል። እንዝርቱ ሲሞላ ፈትሉን አውጥታ ትጠቀልለዋለች፤ ያ አንድ ልቃቂት ነው። ከቤቷ እስከ ደብሩ ሩብ ልቃቂት። ከቤቷ እስከ ሞላሌ ገበያ ሁለት ልቃቂት፤ በክረምት ሁለት ከሩብ፣ ጭቃ እግር እንጂ እጅ አይይዝማ። ራቤል ስንት እንደሆነ ጠይቄያት «ራቤል የሄድኩት ለልቅሶ ነው፤ ልቅሶ ሲሄዱ አይፈተልም። ስለዚህ አላውቀውም» ብላኛለች።

እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ሞላሌ። እስቲ አስቡት! ሳምንቱን ሙሉ የካርታ መስፈርት ሳስተምር እከርምና ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ የጓሳ ሣር ሜዳ ጥግ ወዳለው ቤቷ እሄዳለሁ። ገና ከደጅ ሳልገባ «ዛሬስ ስንት ልቃቂት መጣሽ?» ትለኛለች።

«እኔ አልፈትልም እማዬ፤ በመኪና ነው የመጣሁት።»

«እህ! እንግዲያ አልመጣሽም በይኛ!»

ታናሽ እህቴ የውኃ ሥራ ተምራ ሰመራ የተመደበች ጊዜ የእናቴ የመጀመሪያ ጥያቄ ይኸው ነበር። ሰመራ ታች አፋር ውስጥ ነው። ጓሳ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ፀሐይ መውጫ ቁልቁል ያየ ሰው አገር ምድሩ ጭጋግ የለበሰ ቆላ ብቻ ነው የሚያየው። እናቴ ያንን ጭጋግ ዕድሜዋን በሙሉ አይታዋለች፤ ሰው ይኖርበታል ብላ ግን አስባ አታውቅም። እህቴ ደርሳ ስትደውል በመኪና ሁለት ቀን ሙሉ እንደፈጀባት ነገረቻት። እናቴ ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝና እፍኝ ገብስ አምጥታ መደቡ ላይ ዘረገፈች።

«እኔ በልጅነቴ ደብረ ብርሃን በእግሬ ሄጃለሁ» ብላ ጀመረች። «መኪና ያንን በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ሁለት ቀን መኪና ማለት አራት ደብረ ብርሃን ማለት ነው።» ከዚያ ገብሱን ፍሬ በፍሬ እየገፋች ቆጠረች። ቆጠረች፣ ተሳሳተች፣ እንደገና ቆጠረች። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ሳቄን ይዣለሁ። በመጨረሻ ገብሱን ሰብስባ ወደ ቁናው መለሰችውና «ባና የሚያወጣ መንገድ ነው» አለች። እንደ ዳኛ ነው የተናገረችው።

ባና ማለት፣ መንዝን ለማያውቅ፣ ከበግ ጠጉር የሚሸመን፣ የጓሳ ውርጭ የማይበሳው ወፍራም ልብስ ነው። አንዱን ለማሸመን ስንትና ስንት ልቃቂት ይፈልጋል። እናቴ ማለቷ እንግዲህ፣ ከእኔ ደጅ እስከ ልጄ ደጅ እየፈተልኩ ብሄድ አንድ ሙሉ ባና ይወጣኛል ነው። እንዲህ ያለ ርቀት ሰምታም አይታም አታውቅም። እኔም በዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ለባልንጀሮቼ ሁሉ አወራሁት፤ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ለስንት ጊዜ አሳቀን።

ሳቁ የቆመው እህቴ ልትወልድ ስትል ነው። የመጀመሪያዋ ነበር። ደወለችና «እማዬ፣ ነይልኝ» አለች።

«ልጄ ባና የሚያወጣ መንገድ እኮ ነው! በየት ጉልበቴ?»

«በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው እማዬ! አንድ ሰዓት!»

እናቴ የስልኩን አፍ በእጇ ሸፈነችና ወደ እኔ ዞረች። «አንድ ሰዓት ትላለች። ልታባብለኝ ነው። አንቺ የተማርሽው ነሽ፤ እስቲ ንገሪኝ፣ ሩቅ ነው አይደለም?»

የፈተና ሰሞን ነበር። ሳይታረም የተከመረ ወረቀት ቤቴ ይጠብቀኛል። እናቴ ትሂድ ከተባለ ደግሞ ይዟት የሚሄደው ሌላ ማንም አይደለም፤ እኔው ነኝ። ምን ላድርግ፣ ሰነፍኩ።

«ሩቅ ነው እማዬ» አልኳት።

«ሰማሽ?» አለቻት እናቴ በስልኩ። «እህትሽም ሩቅ ነው አለች።»

እህቴ ስልኩን ዘጋችው። እህቴ ብቻዋን ወለደች። ልጅቷ ዳዴ ስትል፣ ስትቆም፣ አፍ ስትፈታ በስልክ ሰማን። እህቴም አኩርፋ አገሯን ሳትረግጥ ቀረች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱም የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። «እማዬ ደህና ናት?» ትለኛለች እህቴ። «ልጄ ደህና ናት?» ትለኛለች እናቴ። «ይኸው አለች፣ ልስጥሽ?» ስላቸው ሁለቱም ሥራ ይበዛባቸዋል። እኔ የመንዝና የአፋር ስልክ ቤት ሆኜ ቁጭ አልኩ።

እናቴ በዚያው ዓመት መፍተል አበዛች። ደብር ስትሄድ፣ ውኃ ስትወርድ፣ ገበያ ስትወጣ፣ ልቃቂቱን ሳጥን ውስጥ እያጠራቀመች። ከዚያ ሸማኔ ዘንድ ወሰደችው። ባናው ሲመጣ ከበደ፤ ወፈረ፤ አማረም። «ለማን ነው?» አልኳት። «ለሰው ነው» አለችና ሳጥኑን ቆለፈችው።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ባል ደወለልኝ። እህቴ ሁለተኛ ልጇን ልትወልድ ወር ቀርቷታል። «እናቴን ጥሩልኝ አላለችም» አለኝ። «አልልምም ብላለች። ግን እኔ ሥራ ስሄድ ታለቅሳለች፤ ጎረቤት ነግሮኛል። እማማ አሁንም ከቀሩ ከእንግዲህ ሁለቱ የሚታረቁ አይመስለኝም።» ቀስ ብሎ ጨመረ፣ «ብትመጡ አልነግራትም። ነግሬያት ብትቀሩ ልቧ ይሰበራል።»

ስልኩን ዘግቼ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ግድግዳው ላይ የኢትዮጵያ ካርታ አለ። ከመሳቢያዬ ማስመሪያ አወጣሁና አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ሰመራ ላይ አደረግሁት። ውይ በሞትኩት! ማስመሪያው ጓሳን ለሁለት ይከፍላል። መሃል ለመሃል! አውሮፕላኑ በእናቴ ጣራ ላይ ነው የሚያልፈው፤ ያውም የመንገዱ ግማሽ ላይ። እኛ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ ተጉዘን አዲስ አበባ የምንገባው፣ በማግሥቱ በአየር ተመልሰን ቤታችንን ከላይ ለማየት ነው ማለት ነው። ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ።

ቅዳሜ ሄጄ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ልጇ እንደምታለቅስ፣ አውሮፕላኑም በቤቷ ላይ እንደሚያልፍ። ስለ ልጇ ምንም አልተናገረችም። ስለ አውሮፕላኑ ግን «ታዲያ ለምን ከዚሁ አይጭነንም?» አለች።

«አያቆምም እማዬ።»

«ሹፌሩ ቢለመንስ?»

ከዚያ ተነስታ ሳጥኑን ከፈተችና ባናውን አወጣች። የዚያን ጊዜ ነው ለማን እንደተሠራ የገባኝ። ግን እኔ ደግሞ ሳዝን የምቆጣ ሰው ነኝ።

«እማዬ! ሰመራ ባና አይወሰድም! አገሩ እሳት ነው፤ ሰው አንሶላ እንኳ አይለብስም!»

«አራስ ይበርዳታል።»

«ሰመራ ላይ ማንንም አይበርደውም!»

«አንቺ ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

አልወለድኩም። ታውቃለች።

የእህቴ ቀን ሲቃረብ ተነሳን፤ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድረን በጠዋት አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። ባናውን ከሻንጣ ጋር አስረክቢ ብላት አሻፈረኝ አለች፤ እንደ ሕፃን ታቅፋው ገባች። ፍተሻው ላይ ከመቀነቷ ሥር እንዝርቱ ወጣ።

«እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለች ፈታሿ።

«እንዝርት ነዋ! አንቺ የማን ልጅ ነሽ እንዝርት የማታውቂው?»

«ሹል ነገር ይዞ መግባት አይቻልም እማማ።»

«ይሄ ነው ሹል? እስቲ ውጊኝ!» ብላ እጇን ዘረጋችላት። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

«እማማ፣ ሕግ ሆኖብኝ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ልጅቷ በትሕትና።

ሕግ ሲሏት እናቴ ወዲያው ለዘበች። ጓሳ ጥግ ያደገ ሰው ሕግ ያውቃል። የጋራ ሣራችን እንዲያገግም ጓሳ ተዘግቷል ከተባለ ተዘግቷል፤ ሣሩ ወገብ ቢደርስ፣ በግ በረሃብ ቢጮህ፣ አንድ እፍኝ ሣር የሚያጭድ የለም። «ሕግ ከሆነ እሺ» ብላ እንዝርቱን አስረከበች። ጥቂት እንደተራመድን ግን ቆመች። «እንግዲህ መንገዱን በምን ልለካው ነው?» አለችኝ። የምሯን ነው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ጠጉሩ ግን ጉያዋ ውስጥ ነበር፤ እሱን ማንም አልጠየቃትም።

በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኳት። ከወዲህኛው ጎኔ ክራባት ያሰረ፣ ጭኑ ላይ ወረቀት ዘርግቶ የሚጽፍ ሰው ተቀምጧል። አውሮፕላኑ ሲነሳ እናቴ ባናውን ጥርቅም አድርጋ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ ሁለተኛውን። ከዚያ ወዲያማ ከመስኮቱ የሚያላቅቃት ጠፋ።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደሄድን ጮኸች። «ጓሳ! ይኸውና ጓሳ!»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። እውነትም ጓሳ ነው፤ ያ ሰፊ ሜዳ፣ ከዚያም ድንገት የሚቆረጠው ገደል። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞሯል።

«ከብት ገብቷል!» አለች እናቴ። «ጓሳ ተዘግቶ እያለ ከብት ገብቷል! ያ ነጭ ነጩ አይታይሽም? ማን ነው ያስገባው? ደውዪ!»

«ደመና ነው እማዬ።»

«ደመና መሬት ላይ ይተኛል?»

«ይተኛል! ደግሞ እዚህ ስልክ አይደወልም!»

«አየህ ልጄ?» አለችው ባለክራባቱን በእኔ ላይ ተንጠራርታ፤ «አገር ሲበላሽ ከላይ ነው የሚታየው።» ሰውዬው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ድንገት ከብቱን ረሳችው። «ቤቴ ከዚህ ጋ ነው» አለች፣ መስታወቱን በጣቷ እየነካች። «እስካሁን የመጣነው አይቆጠርም፤ ዞር ዞር ብለን ደጃችን ነው የተመለስነው። መንገዴ ገና አሁን መጀመሩ ነው።» ከጉያዋ ጠጉሩን አወጣች። ዙሪያዋን ቃኘች። ዓይኗ የሰውዬው እስክሪብቶ ላይ ዐረፈ።

«ልጄ፣ እሷን ነገር ለአፍታ ታውሰኛለህ?»

እኔ «እማዬ!» ከማለቴ እሱ ሰጣት። የጠጉሩን ጫፍ እስክሪብቶው ላይ ጠምጥማ ጭኗ ላይ አንከባለለችው። ተበጠሰ። ቀጠለችው። አይመችም፣ ቀላል ነው፣ ያዳልጣል፤ እሷ ግን ምላሷን በጥርሷ ይዛ ትፈትላለች። ሰውዬው ወረቀቱን አጥፎ አስቀመጠና ጠጉሩን ይዞላት ቁጭ አለ። እናቴ አንዴ ወደ እጇ፣ አንዴ ወደ መስኮቱ ታያለች። ታች ጭጋጉ አለ፤ ዕድሜዋን ከአፋፍ ሆና ያየችው ጭጋግ። አሁን ከላዩ ሆና ስታየው ወንዝ አለበት፣ መንገድ አለበት፣ የቆርቆሮ ጣራ ያብለጨልጭበታል።

እጇ ሞቅ እንዳለላት አውሮፕላኑ ማዘንበል ጀመረ። «ወዴት ነው የሚሄደው?» አለች።

«ሊያርፍ ነው። ደረስን።»

«የት?»

«ሰመራ ነዋ እማዬ።»

እስክሪብቶው ላይ የተጠመጠመችውን ፈትል አየቻት። «ገና ጀመርኩ እኮ» አለች። ለሰውዬው ልትመልስለት እጇን ስትዘረጋ «ግድየለም፣ እርስዎ ጋ ይሁን» አላት።

ሰመራ በሩ ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን። እናቴ ባናውን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወረደች። ያየን ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ እኔ ሁለት እርምጃ ወደፊት ቀደም ብዬ የማላውቃት መሰልኩ። የእህቴ ባል መውጫው ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ገና ሳይስመን «ንጋት ላይ ምጥ ጀምሯት ሆስፒታል ናት» አለን።

የእናቴን ሩጫ ያን ቀን አየሁ። ከዚያ ደግሞ መቆሟን። ከማዋለጃው በር ፊት ለፊት ባናዋን ታቅፋ ቆመች፤ ወንበር ብንሰጣት አልቀመጥ አለች፤ ላቧ በጉንጯ ይወርዳል። ከውስጥ እህቴ ስትጮህ «እኔን! እኔን ያስቀድመኝ!» ትላለች በሹክሹክታ፤ እንዳትሰማት ፈርታ። ልጇ ስታያት ፊቷን ብታዞርስ? አልተናገረችውም፤ ግን ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። እኔም የፈራሁት ያንኑ ነው።

ከቀትር በኋላ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ። ሴት ልጅ። እናቴ በዚያው በቆመችበት እልል አለች። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፍቶ ግቡ ተባልን።

እህቴ አልጋው ላይ ዓይኗን ጨፍና ትንቀጠቀጣለች። በዚያ እሳት አገር ጥርሷ ይፋጫል። «አይዟችሁ፣ ከወሊድ በኋላ ብዙዎች ይበርዳቸዋል፤ አሁን ያልፋል» አለች አዋላጇ፣ ልብስ ልታመጣ ዘወር እያለች። እናቴ ቀድማት ነበር። ባናው ከትከሻዋ ወርዶ እህቴን ከአንገቷ እስከ እግሯ ሸፈናት። እናቴ ዞራ እኔን አየችኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

እህቴ ዓይኗን ሳትገልጥ ባናውን በእጇ ዳበሰችው። አሸተተችው። የበግ ጠጉር፣ የቤታችን ጭስ። «እማዬ?» አለች።

«አለሁ።»

«የት ነሽ?»

«ይኸው ነኝ፣ እዚሁ ነኝ።»

ፊቷን አላዞረችም። እናቴ አጎንብሳ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ እጇን፣ ያገኘችውን ሁሉ ሳመች። መንቀጥቀጡ እየቀነሰ ሄደ። ቀና ልትል ስትል ከጉያዋ እስክሪብቶው ባናው ላይ ወደቀ።

«ምንድን ናት ይቺ?» አለች እህቴ።

«መንገዱ ናት» አለች እናቴ። «ከቤቴ እስካንቺ ድረስ። እንዝርቴን ቢቀሙኝ በዚህች ነው የለካሁት።»

እህቴ ፈትሉን ከእስክሪብቶው ላይ ፈታችው። ባናው ላይ ዘረጋችው። አንድ ክንድ። ሁለት ክንድ። ከዚያ ትንሽ ጭራ፤ በቃ። እናቴ የመኪና መንገድ ቆጥራ ያመጣችው ያ ሁሉ ባና ከሥር ተነጥፏል፤ በላዩ ላይ ያቺ ክር። እህቴ ክሯን በጣቷ አነሳቻት። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ።

«በዚህች ነው የቀረሽብኝ እማዬ? በዚህች?»

«አላወቅሁም ልጄ» አለች እናቴ። እሷም ታለቅስ ነበር። «በሞትኩት፣ አላወቅሁም። ባና መስሎኝ ነው።»

ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ፤ የጂኦግራፊ አስተማሪዋን። ያ ካርታ ክፍሌ ግድግዳ ላይ ስንት ዓመት ተሰቅሎ ኖሯል፤ ማስመሪያውም መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የሚጠይቀው አንድ ደቂቃ ብቻ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ሩቅ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ለክቼ አይደለም። ፈተና ማረም ስለነበረብኝ ነው።»

እህቴ ከባናው ሥር እጇን አውጥታ እጄን ያዘችው፣ ቆንጥጣም ያዘችው። እናቴ ፈትሉን ሰብስባ መልሳ እስክሪብቶው ላይ ጠመጠመችና በሌላው መዳፌ ላይ አኖረችልኝ።

«እንኪ፣ ከማስመሪያሽ አጠገብ አስቀምጪው» አለችኝ። «ሁለተኛ ሩቅ ነው ልትዪኝ ስትዪ፣ መጀመሪያ አውጥተሽ ታዪዋለሽ።»